የሱማትራው የጦር መቃብር፦ ከሮተርዳም ዙይድ ጎዳናዎች እስከ ባንዳ አቸህ

ከማስ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኘው ሮተርዳም ዙይድ፣ በሁለት አሮጌ የመርከብ ማረፊያዎች መካከል ካተንድሬኽት የተባለ ሠፈር አለ። የሠፈሩ አደባባይ ዴሊፕላይን ይባላል። በአቅራቢያው አቸህስትራት እና ሱማትራቬኽ የተባሉ ጎዳናዎች ይገኛሉ። ዴሊ በኢንዶኔዥያዋ የሱማትራ ደሴት ያለ፣ በትንባሆ እርሻ የታወቀ አካባቢ ነው። አቸህ ደግሞ በዚያው ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ የነበረ ሱልጣኔት ሲሆን፣ ኔዘርላንድስ በቅኝ ግዛት ታሪኳ ካካሄደቻቸው ጦርነቶች ሁሉ ረጅሙን ያካሄደችው እዚያ ነው።

በሮተርዳም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እነዚህን ስሞች በየዕለቱ በጎዳና ሰሌዳ ላይ ያነባሉ። ስሞቹን ለሮተርዳም ያወረሰው ታሪክ ግን ከከተማዋ ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በባንዳ አቸህ ከተማ በሚገኝ አንድ የመቃብር ሥፍራ ተጽፏል። ኬርክሆፍ ፐቹት በሚባለው በዚህ ሥፍራ 2,200 ያህል የኔዘርላንድስ ቅኝ ገዥ ጦር አባላት ተቀብረዋል። ከኔዘርላንድስ ውጭ ካሉት የአገሪቱ ትላልቅ ወታደራዊ መቃብሮች አንዱ ሲሆን፣ በወረራ የመጣ ጦር ሙታን ወረራው በተፈጸመበት ሕዝብ መካከል እስከ ዛሬ ተጠብቀው የሚገኙበት ቦታ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ እንዴት ተጀመረ?

የአቸህ ሱልጣኔት ለዘመናት በቁንዶ በርበሬ ንግድ የበለጸገ፣ ከኦቶማን ቱርክና ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ግንኙነት የነበረው ነጻ አገር ነበር። የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1869 ሲከፈት፣ በሱማትራና በማሌይ ልሳነ ምድር መካከል የሚያልፈው የማላካ የባሕር ወሽመጥ ዋጋው በአንድ ጊዜ ጨመረ። በዚያው ወር ሩባቲኖ የተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሰብን ገዛ። ኢትዮጵያን ወደ ዐድዋ፣ አቸህን ወደ ረጅሙ ጦርነት ያደረሱት ሁኔታዎች በአንድ ቦይ መከፈት የተያያዙ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ1871 ብሪታንያና ኔዘርላንድስ ስምምነቶች ተፈራረሙ። ብሪታንያ በሱማትራ ጉዳይ ለኔዘርላንድስ እጇን ስትለቅ፣ ኔዘርላንድስ ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ጋና የነበሯትን ይዞታዎች ለብሪታንያ አስረከበች። ከእነዚህ ይዞታዎች ዋነኛው የኤልሚና ምሽግ ነበር። የአቸህም ሆነ የኤልሚና ነዋሪዎች በጉዳዩ አልተጠየቁም።

ኔዘርላንድስ በመጋቢት 1873 በአቸህ ላይ ጦርነት አወጀች። በሚያዝያ ወር በሜጀር ጄኔራል ዮሃን ኮህለር የሚመራ፣ 3,000 ያህል ወታደሮች ያሉት ጦር ከመርከብ ወረደ። ጄኔራሉ ሚያዝያ 14 ቀን በታላቁ የበይቱረህማን መስጊድ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጦሩም በዚያው ወር መጨረሻ ወደ መርከቦቹ ተመለሰ። በሰለጠነ መሣሪያ የሚተማመን የአውሮፓ ጦር በእስያ ደሴት ላይ እንዲህ መመለሱ በዘመኑ ትልቅ ዜና ነበር።

ሁለተኛው ዘመቻ በጥር 1874 የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት ያዘ። የኔዘርላንድስ አዛዦች ጦርነቱ አበቃ ብለው ነበር፤ ሆኖም የመጨረሻው ሱልጣን እጁን የሰጠው በ1903 ነው፤ ውጊያው ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል። ከአቸህ ወገን የሞተው ሰው ቁጥር ከ50 ሺህ እስከ 70 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል።

በመጋቢት 1896 መጀመሪያ የጣልያን ጦር በዐድዋ ድል ሲሆን፣ በዚያው ወር መጨረሻ ኔዘርላንድስም በአቸህ ከባድ ድንጋጤ ደረሰባት። ለሦስት ዓመታት ያህል አጋሯ መስሎ የቆየው የአቸህ የጦር መሪ ተኩ ዑመር፣ ከእርሷ የተቀበለውን በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃና በርካታ ጥይት ይዞ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ።

መቃብሩ ምን ይዟል?

ወደ ኬርክሆፍ ፐቹት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቁን የመግቢያ በር ነው። በበሩ ግድግዳዎች ላይ በተለጠፉ የእብነ በረድ ሰሌዳዎች፣ የሞቱት ሰዎች ስሞች ከወደቁባቸው ቦታዎችና ዓመታት ጋር ተቀርጸዋል። ከአውሮፓውያኑ ስሞች ጋር የጃቫ፣ የአምቦንና የማናዶ ተወላጆች ስሞችም ይነበባሉ። የቅኝ ገዥው ጦር ብዙው ክፍል ከደሴቶቹ ከራሳቸው የተመለመለ ነበርና፣ አቸህን የወጋው ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የደች ቋንቋ በወጉ የማይናገር የሌላ ደሴት ልጅ ነበር።

ከበሩ ወዲያ በሣር ሜዳ ላይ ነጫጭ መስቀሎች፣ የድንጋይ ሐውልቶችና የቤተሰብ መቃብሮች ተሰልፈዋል። የአይሁድ ወታደሮችና ነዋሪዎች ያረፉበት ክፍልም አለ። ከታወቁት መቃብሮች መካከል በ1876 የሞተው የጄኔራል ፔል አንዱ ነው። ጄኔራል ኮህለር ግን እዚህ የደረሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አስከሬኑ መጀመሪያ የተቀበረው በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ ነበር። ያ መቃብር በ1970ዎቹ ተዘግቶ ወደ ሙዚየምነት ሲለወጥ፣ አጽሙ በ1978 ወደ ባንዳ አቸህ ተወስዶ ከወታደሮቹ ጋር ዐረፈ። የሞተበት መስጊድ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

በሰሌዳዎቹ ላይ ስማቸው ከሰፈሩትም ሆነ ካልሰፈሩት ወታደሮች ብዙዎቹን የገደለው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ኮሌራና ቤሪቤሪ የተባለው የነርቭና የልብ በሽታ የጦር ሠፈሮችን አራቁተዋል። በቤሪቤሪ ምክንያት መዋጋት የማይችለው ወታደር በመብዛቱ፣ የኔዘርላንድስ መንግሥት በ1886 የሐኪሞች ቡድን ወደ አካባቢው ላከ። ከቡድኑ ጋር የሄደው ወጣት ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በባታቪያ ቀርቶ ባካሄደው ምርምር፣ በሽታው ከተፈተገ ሩዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ደረሰበት። ይህ ግኝት ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ለሚባለው ንጥረ ነገር መታወቅ መንገድ ከፍቶ፣ አይክማንን በ1929 ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል።

በመቃብሩ ውስጥ ከጦርነቱ በጣም የሚቀድም አንድ መቃብር አለ። ቦታው ፐቹት የሚለውን ስም ያገኘው ከእርሱ ነው። በውስጡ ያረፈው ሜራ ፑፖክ፣ ከ1607 እስከ 1636 የነገሠው የታላቁ ሱልጣን እስካንዳር ሙዳ ልጅ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ልዑሉ በዝሙት ተከስሶ ሲፈረድበት፣ አባቱ ለልጁ ሳያዳላ የሞት ቅጣቱን አስፈጽሟል። የአቸህ ሰዎች ይህንን ሲያነሱ፣ ልጅ ቢሞት መቃብሩ ይታያል፤ ሕግና ሥርዓት ከሞተ ግን የት ይፈለጋል የሚል ትርጉም ያለው አባባል ይጠቅሳሉ። የወራሪው ጦር ሙታን የተቀበሩት እንግዲህ በዚህ የፍርድ ምሳሌ ዙሪያ ነው።

ከኤልሚና የመጡት አፍሪካውያንና ሐረር የገባው ገጣሚ

የዚህ ጦር ታሪክ አፍሪካንም ይነካል። ኔዘርላንድስ ከ1831 እስከ 1872 ባሉት ዓመታት 3,000 ያህል አፍሪካውያንን በኤልሚና በኩል መልምላ ወደ ምሥራቅ ህንድ ደሴቶች ልካለች። ከእነርሱ ብዙዎቹ ባሪያዎች የነበሩና የነጻነታቸውን ዋጋ ከወታደራዊ ደመወዛቸው እንዲከፍሉ የተደረጉ ነበሩ። በጃቫ ሰዎች ዘንድ «ጥቁሮቹ ሆላንዳውያን» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። በሕግ ረገድ ከአውሮፓውያን ወታደሮች ጋር እኩል ተደርገው ይታዩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው የኤልሚናው ያን ኮይ በአቸህ ጦርነት ባሳየው ጀግንነት የኔዘርላንድስን ከፍተኛ ወታደራዊ ኒሻን ተሸልሟል፤ በ1882 የተሣለ ምስሉም እስከ ዛሬ አለ።

ኤልሚና በ1872 ለብሪታንያ ስትሰጥ ይህ ምልመላ ቆመ። ኔዘርላንድስ ሱማትራን ለመውጋት ነጻነት ያገኘችበት ስምምነት፣ አፍሪካውያን ወታደሮች የምታገኝበትን በር የዘጋባት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ መልማዮቿ ፊታቸውን ይበልጥ ወደ አውሮፓ ድሆችና ሥራ ፈቶች አዞሩ። ሃርደርቨይክ በተባለችው የኔዘርላንድስ ከተማ የሚገኘው የምልመላ ጣቢያ ከጀርመን፣ ከቤልጅየም፣ ከስዊትዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጡ ወጣቶችን በቅድሚያ ክፍያ እያማለለ ያስፈርም ነበር።

በግንቦት 1876 እዚያ ከፈረሙት መካከል አንዱ ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። በመርከብ ጃቫ ደርሶ ሳላቲጋ ወደተባለ የጦር ሠፈር ተላከ፤ በነሐሴ አጋማሽ ግን ከድቶ ጠፋ። ከአራት ዓመታት በኋላ፣ በ1880 መጨረሻ፣ በነጋዴነት ሐረር ገባ። ቆይቶም ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ሄደ። ከሳላቲጋ ባይጠፋ ኖሮ የአቸህ ዘመቻ ዕጣ ሊደርሰው ይችል ነበር።

ስማቸው የተጻፈና ያልተጻፈ

በፐቹት በር ላይ የሠፈረው ዝርዝር አንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። በሌላው ወገን የሞቱት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው የት ተጻፈ?

በ1904 በሌተናንት ኮሎኔል ፋን ዳለን የሚመራ ጦር ጋዮና አላስ ወደተባሉት የአቸህ ደጋማ አካባቢዎች ዘመተ። በዚያ ዓመት ሰኔ 14 ቀን ኩታ ረህ በምትባል መንደር ብቻ 313 ወንዶች፣ 189 ሴቶችና 59 ሕፃናት፣ በድምሩ 561 ሰዎች ተገድለዋል። ቁጥሩን የመዘገበው ጦሩ ራሱ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረ ሐኪም ያነሣቸው ፎቶግራፎች፣ ወታደሮች በሬሳ ክምር ላይ ቆመው ያሳያሉ። ገዳዮቹ የሟቾችን ብዛት ቆጥረው አስቀመጡ፤ ስማቸውን ግን በሰሌዳ ላይ የቀረጸላቸው የለም።

የመሪዎቹም የመቃብር ታሪክ ይህንኑ ልዩነት ያሳያል። የአቸህን ጦርነት በአሸናፊነት እንደደመደመ የሚነገርለት ጄኔራል ፋን ሁትስ በ1924 በስዊትዘርላንድ ሞተ። ከሦስት ዓመታት በኋላ አስከሬኑ ወደ አምስተርዳም መጥቶ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ኒውወ ኦስተር በተባለው የመቃብር ሥፍራ ዐረፈ። በ1935 በዚያችው ከተማ ትልቅ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ለአሥርት ዓመታት ተቃውሞ ሲቀርብበት ቆይቶ፣ ስሙ ተነሥቶ ኔዘርላንድስና ኢንዶኔዥያን የሚያስተሳስረው ዘመን መታሰቢያ ተብሏል።

የተኩ ዑመር ባለቤት ቹት ኛክ ዲን ደግሞ ባሏ በ1899 ከተገደለ በኋላ የሽምቅ ውጊያውን በጫካ ስትመራ ቆይታ፣ ዐይኗ ደክሞና ታማ ሳለ ተማረከች። ሕዝቡን እንዳታነሣሣ በሚል ሥጋት በምዕራብ ጃቫ ወደምትገኘው ሱመዳንግ በግዞት ተላከች። በ1908 እዚያው ሞታ ተቀበረች። የአካባቢው ሰዎች ቁርዓን የምታስተምር አሮጊት እንደነበረች እንጂ ማን እንደሆነች አያውቁም ነበር። መቃብሯ ተለይቶ የታወቀው እስከ 1950ዎቹ መገባደጃ ቆይቶ ነው። በ1964 የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ጀግና ተብላለች። የመጨረሻው ሱልጣንም ቢሆን በግዞት ኖሮ በ1939 የተቀበረው በዛሬዋ ጃካርታ ነው።

አቸህን ሊይዝ የመጣው ጄኔራል በአቸህ መሬት ሲያርፍ፣ አቸህን የጠበቁት በሌላ ደሴት ዐርፈዋል። ይህ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። አጽሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የብሪታንያ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም፤ የሰጠው ምክንያት በአቅራቢያው ያረፉ የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። በአንጻሩ በኮሪያ ጦርነት የወደቁት ከ120 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አንድም ሳይቀር ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

መቃብሩን ማን ጠበቀው?

ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1945 በኋላ የፐቹት መቃብር ለብዙ ዓመታት በቂ እንክብካቤ አላገኘም። በ1970ዎቹ በኔዘርላንድስ ለዚሁ መቃብር ጥገና የሚውል ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት ተቋቋመ። ሣሩን የሚያጭዱት፣ መስቀሎቹን ነጭ ቀለም የሚቀቡትና ጎብኚ የሚያስተናግዱት ግን የባንዳ አቸህ ሰዎች ናቸው። እነርሱም አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ አንዳንዶቹም ከዚህ ጦር ጋር የተዋጉ ሰዎች ዘሮች ናቸው።

በአቸህ ይህ ሁሉ ሰላም በሰፈነበት አገር የተከናወነ አልነበረም። ከ1976 ጀምሮ የነጻ አቸህ ንቅናቄ ከኢንዶኔዥያ መንግሥት ጋር ሲዋጋ ቆይቷል። የንቅናቄው መሥራች ሐሰን ዲ ቲሮ፣ በሆላንዳውያኑ ላይ የተነሡ ታዋቂ የሃይማኖት መሪ ዝርያ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በሱማትራ ዳርቻ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ ባንዳ አቸህን ሲያጥለቀልቅ፣ መቃብሩም በውኃ ተመታ፤ ቅጥሩም መስቀሎቹም ተጎዱ። በኢንዶኔዥያ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም የገቡበት ጠፍቷል። ተዋጊዎቹ ወገኖች ከዚያ ጥፋት በኋላ፣ በነሐሴ 2005 በሄልሲንኪ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። መቃብሩ በኋላ ተጠግኗል። በ2009 የተከፈተው የአቸህ ሱናሚ ሙዚየም የተሠራው ከመቃብሩ አጠገብ ነው።

የኔዘርላንድስ መንግሥት በቅኝ ግዛት ዘመን ስለተፈጸመው በደል መናገር የጀመረው በቅርቡ ነው። ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር በመጋቢት 2020 በቦጎር፣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ደግሞ በየካቲት 2022 ይቅርታ ጠይቀዋል። ሁለቱም ይቅርታዎች የሚመለከቱት ከ1945 እስከ 1949 በነጻነት ጦርነቱ ወቅት የተፈጸመውን ነው፤ የአቸህ ጦርነት በውስጡ አልተካተተም።

ለጎብኚዎች

ባንዳ አቸህ በሱልጣን እስካንዳር ሙዳ ስም የተሰየመ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። መቃብሩ በመሐል ከተማ ስለሆነ ከሱናሚ ሙዚየሙ ወጥቶ በእግር መድረስ ይቻላል። አቸህ ከኢንዶኔዥያ ግዛቶች ሁሉ እስላማዊ ሕግ የሚሠራባት ብቸኛዋ ግዛት ናትና፣ ወንድም ሴትም ጎብኚ ገላን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ይኖርበታል፤ ወደ መስጊዱ ግቢ የምትገባ ሴት ፀጉሯንም መሸፈን አለባት። ሙቀቱ ስለሚያይል ማለዳ መሄድ ይመረጣል።

ጉብኝቱን ከበይቱረህማን መስጊድ መጀመር የታሪኩን ሂደት ለመከተል ይረዳል። በ1873 የተቃጠለውን መስጊድ ሆላንዳውያኑ ከ1879 እስከ 1881 ለዕርቅ ብለው መልሰው ሠርተውታል፤ በ2004ም ሱናሚውን ተቋቁሞ ለብዙዎች መጠለያ ሆኗል። ከዚያ ወደ ሙዚየሙ፣ ቀጥሎም ወደ መቃብሩ መሄድ ይቻላል። በመቃብሩ በር ላይ ያሉት ስሞች በቀድሞው የደች አጻጻፍ የሰፈሩ ስለሆኑ፣ የቦታ ስሞችን ከዛሬዎቹ ጋር ለማመሳከር የጠባቂዎቹ ርዳታ ያስፈልጋል።

ወደ ሱማትራ መሄድ ለማይችል በኔዘርላንድስም የሚታይ አለ። በአርንሄም ከተማ የሚገኘው ብሮንቤክ ከ1863 ጀምሮ ለቅኝ ገዥው ጦር ጡረተኞች መኖሪያ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ በሙዚየሙና በግቢው ከአቸህ የተማረኩ መድፎች አሉ። የፋን ሁትስ መቃብር በአምስተርዳም ኒውወ ኦስተር ይገኛል። በሮተርዳም ዙይድ ደግሞ ከዴሊፕላይን ብዙም ሳይርቅ፣ በቀድሞ የወደብ መጋዘን ውስጥ፣ ስለ ስደት የሚተርከው ፌኒክስ ሙዚየም በግንቦት 2025 ተከፍቷል። ሙዚየሙን አይቶ የሚወጣ ሰው ወደ አቸህስትራት ጎራ ቢል፣ በሰሌዳው ላይ የሚያነበው ስም ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ስም መሆኑን ያስታውሳል።